ስድስት እሑድ ስትቀር ማን አወቀ?

ክርክሩ የተነሳው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። የመጠየቂያ ሰዓት እስኪደርስ አራት ሆነን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠናል። የመጣነው አንዲት እህታችንን ለመጠየቅ ነው። ጌታን ከተቀበለች ሁለት ዓመት አልሞላትም። የተጠመቀችው እኛ ጋ ነው፤ ከተተከለች ገና ሦስተኛ ዓመቷን በያዘች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን።

ከአራታችን አንዱ የሥራ ባልደረባዋ ነው። የሂሳብ ሠራተኛ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። የእኛ አባል አይደለም፤ የሚያመልከው ሌላ አጥቢያ ነው። ሌላዋ ነርስ ናት፤ የምትሠራው ሌላ ቦታ ነው። ሦስተኛው ሁላችንም እንደ አባት የምናያቸው ሰው ናቸው። በዕድሜያቸው ሁለት ቤተ ክርስቲያን ተክለዋል፤ የእኛዋ ሁለተኛዋ ናት። አራተኛው እኔ ነኝ።

ነገሩን የጀመረችው ነርሷ ናት።

«ስድስት እሑድ ቀርታ ነበር» አለች። «ከእኛ ውስጥ ያወቀ አለ?»

ማንም አልመለሰም። ያወቀው ባልደረባዋ ብቻ ነው። ጠረጴዛዋ ባዶ ሲሆንበት ደወለላት። ስልኳን ሳታነሳ ስትቀር ቤቷ ድረስ ሄደ። ሆስፒታል ያደረሳትም እሱ ነው። እኛ የሰማነው ከእሱ ነው።

አባታችን ጥቂት ቆይተው ተናገሩ። «ልክ ነሽ ልጄ። ይሄ የክትትል ክፍተት ነው። አዲስ አማኞችን የሚከታተል ቡድን ገና በደንብ አላደራጀንም። መዝገቡም በየሳምንቱ አይታይም። ይስተካከላል።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለች ነርሷ። «መዝገቡማ አለ። ስሟ አለበት፣ ስልኳ አለበት፣ የተጠመቀችበት ቀን ሳይቀር ተጽፏል። የጎደላት ሰው ነው። እኛ አዳራሹን ስናዘጋጅ፣ ወንበር ስንደረድር፣ ሳውንድ ሲስተም ስናስተካክል እሷን ለማን ሰጠናት? ለማንም።»

ነገሩ እዚያ ላይ ጠነከረ። እሷ የምትለው ቤተ ክርስቲያን የሚተከለው ሰው በሚውልበት ቦታ ነው። በሥራ ቦታ፣ በቤት፣ በትምህርት ቤት፣ በጎረቤት መካከል። ከኖርንበት ሕይወት ሰው ይማራል፤ ሰው ሲበዛ ጉባኤ ይሆናል። እኛ ግን ጉባኤውን አስቀድመን ሰውን ወደ ፕሮግራም እንጠራለን። ሰውየው ፕሮግራሙን ይለምዳል እንጂ ኢየሱስን መከተል አይለምድም።

«በሐዋርያት ሥራ ላይ ቆሮንቶስን ይመልከቱ» አለች። «ጳውሎስ እዚያ ሲደርስ የገባው አቂላና ጵርስቅላ ጋ ነው። ንጉሡ ቀላውዴዎስ ከሮም ያስወጣቸው አይሁድ ናቸው። ሥራቸው ድንኳን መስፋት ነበር፤ የእሱም ሙያ ያው ስለሆነ አብሯቸው እየሠራ ተቀመጠ። በሰንበት በምኵራብ ይነጋገራል፣ በሌላው ቀን ይሰፋል። እነዚያ ባልና ሚስት አብረውት ከመዋላቸው የተነሳ፣ በኋላ አጵሎስን የሚያህል አንደበተ ርቱዕ ሰው ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ይበልጥ በትክክል አስረዱት። የት ተማሩት? መርፌ ይዘው ነዋ!»

አባታችን አቋረጧት። ድምፃቸው ግን አልጨመረም። «መልካም። እኔም ያንኑ መጽሐፍ ላንብብልሽ። ጳውሎስ ኤፌሶን ሲደርስ ምን አደረገ? በጢራኖስ ትምህርት ቤት ዕለት ዕለት እየተነጋገረ ሁለት ዓመት ቆየ። ስለዚህ ሰዎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነበረው። በየቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌዎችን ሾመ። ለቲቶም በየከተማው እንዲሾም ነገረው። ዝም ብሎ ሰው ከሰው ጋር ይዋል፣ ይበቃል አላለም።»

ከዚያ የራሳቸውን ታሪክ አመጡ። እኔ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም ነበር።

የመጀመሪያዋ ቤተ ክርስቲያናቸው የተጀመረችው በራሳቸው ሳሎን ውስጥ ነው። ዘጠኝ ሰው ነበሩ። ልክ ነርሷ እንደምትለው ነበር የሚኖሩት፤ አብረው ያነባሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ የአንዱ ችግር የሁሉም ነው። አርባ ገደማ ሲደርሱ አንድ ጎበዝ ወንድም ብዙዎቹን በግሉ ያስተምር ጀመር። ሽማግሌ የለም፤ ማን ምን እንደሚያስተምር የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ያ ወንድም ለየት ያለ መገለጥ አለኝ ብሎ ሃያ ስድስቱን ይዞ ሄደ። በዓመቱ እነዚያ ሰዎች ተበታተኑ። አንዳንዶቹ እስከ ዛሬ የትም አይሄዱም።

«በስማቸው እጸልያለሁ» አሉ። «እስከ አሁን። ስለዚህ ልጄ፣ ሥርዓት ስል ወንበር መደርደር እንዳይመስልሽ። ሥርዓት ስል በጎቹን ከአንድ ሰው እጅ ማዳን ነው የማስበው።»

ነርሷ መልስ ልትሰጥ አፏን ከፍታ ተወችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ዝም ያለው የሂሳብ ሠራተኛ ያኔ ነው የተናገረው። «እኔ የማውቀው ሂሳብ ነው፤ ስለ አንድ ዕዳ ልንገራችሁ» አለ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1742 ላይ ነው፤ እንግሊዝ ውስጥ፣ ብሪስቶል ከተማ። የሜቶዲስቶች መሪ የነበረው የጆን ዌስሊ ሰዎች ለመሰብሰቢያ ቤታቸው ግንባታ የገቡት ዕዳ ነበረባቸው። እንዴት እንክፈል ተባለ። አንዱ ተነስቶ እያንዳንዱ አባል በሳምንት አንድ ፔኒ፣ የእንግሊዝ ሳንቲም፣ ያዋጣ አለ። ብዙዎቹ ድሆች ናቸው፤ ያን እንኳ አይችሉም ሲባል፣ «እንግዲያው ከድሆቹ የባሱትን አሥራ አንዱን ለእኔ ስጡኝ፤ በየሳምንቱ እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ያልቻሉትን እኔ እከፍልላቸዋለሁ» አለ። ሌሎችም እንደዚያው አደረጉ።

«ሳንቲም ሊሰበስቡ በየቤቱ ሲገቡ ሰዎቹ እንዴት እንደሚኖሩ አዩ» አለ። «እሑድ ሲዘምር የሚታየው ሰው ቤቱ ውስጥ ሌላ ሆኖ አገኙት። ዌስሊ ይህን ሲሰማ ለካ ስንፈልገው የነበረው ይሄ ነው አለ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰው እየሆኑ በየሳምንቱ የሚገናኙበት፣ ነፍስህ እንዴት ናት እየተባባሉ የሚጠያየቁበት ቡድን ሆነ። መሪዎቹ ተራ ሠራተኞች ነበሩ። ሴቶችም መርተዋል።»

አባታችን «አየሽ፣ አዳራሹ ባይኖር ዕዳው አይኖርም፤ ዕዳው ባይኖር ቡድኑ አይኖርም» አሏት። ነርሷም «አዳራሹን ሠርተው ሲጨርሱ ሰዎቹን አያውቋቸውም ነበር ማለት ነዋ፣ ጋሼ» አለች። ሁለቱም ታሪኩን ለየራሳቸው ወሰዱት። እውነቱን ለመናገር ሁለቱም አልተሳሳቱም።

በሩ ተከፈተና ገባን። እህታችን ከስታለች። አየችን፣ ደስ አላት። ስለ ሕመሟ ጥቂት አወራን፤ ጸለይን። አባታችን እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ ስትታመሚ ለምን አልነገርሽንም?» አሏት። ወቀሳ አልነበረበትም።

«እሑድ እሑድ ሁላችሁም ትስሙኛላችሁ፣ እንዴት ነሽ ትሉኛላችሁ» አለች። «ደህና ነኝ እላለሁ። ሲብስብኝ ግን ለማን እንደምደውል አላወቅሁም።»

ሌላ ምንም አላለች። እኛም ሌላ አልጠየቅናትም።

ስንወጣ አባታችን ደረጃው ላይ ቆሙ። ለነርሷ «አሸነፍሽኝ» አላሏትም። «ከዚህ በኋላ አንድ ሰው ሲጠመቅ፣ ከውኃው ሲወጣ እጁን የሚይዘው ሰው አስቀድሞ መታወቅ አለበት» አሏት። እሷም «ያ የሚይዘው ሰው ደግሞ ለእናንተ ለሽማግሌዎቹ መልስ መስጠት አለበት» አለች። ያን ቀን ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የነካው ይሄ ነው።

አሁን የእኔን ሐሳብ ልናገር።

እኔ በአብዛኛው ከነርሷ ጋር ነኝ። የምለይባትም ቦታ አለ፤ እመጣበታለሁ።

ደቀ መዝሙር የሚለውን ቃል እንየው። ደቅ በግዕዝ ልጅ ነው። ቃሉ ራሱ ስለ ማሳደግ ይናገራል። ልጅ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን በሚሰማው ንግግር አያድግም። ወላጁ ሲናደድ ምን እንደሚያደርግ፣ ሲሳሳት ይቅርታ ይጠይቅ እንደሆነ፣ ገንዘብ ሲጎድል ምን እንደሚል እያየ ነው የሚያድገው። ማርቆስ ጌታ አሥራ ሁለቱን የመረጠበትን ምክንያት ሲናገር ስብከትን አላስቀደመም። መጀመሪያ ከእርሱ ጋር እንዲሆኑ ነው፤ ከዚያ ሊልካቸው።

በማቴዎስ መጨረሻ ላይ ያለው ትእዛዝም እንዲሁ ነው። ብዙ ጊዜ «ሂዱ» የሚለው ላይ እንቆማለን። የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግን «ደቀ መዛሙርት አድርጓቸው» የሚለው ነው። አስተምሩ ሲልም ያዘዝኋችሁን ሁሉ «እንዲጠብቁ» ነው እንጂ እንዲያውቁ ብቻ አይደለም። ማወቅን በማይክሮፎን ማስተላለፍ ይቻላል። መጠበቅን ግን አንድ ሰው አጠገብህ ሆኖ ነው የምትለምደው። አለቃህ ሐሰተኛ ሪፖርት ፈርም ሲልህ፣ ወንድምህ ሲያስቀይምህ፣ ሌሊት እንቅልፍ አልወስድ ሲልህ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ ይሄን ማድረግ ይችላል ስንል ሰው ሁሉ ለሃያ ሰው ይበቃል ማለታችን አይደለም። ጌታም ከአሥራ ሁለቱ ውስጥ ሦስቱን ይዞ የሚሄድበት ጊዜ ነበር። ሥራ ያለው፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት ሰው በላይ በቅርብ ሊያውቅ አይችልም። ይሄ አያሳፍርም። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የነገረው ከእኔ የሰማኸውን ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ፣ እነሱም ሌሎችን ያስተምራሉ ነው። አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት ትውልድ አለ። የቤተ ክርስቲያን ተከላ ወንዙ በዚህ ነው የሚፈስሰው፤ ያሳደግኸው ሰው ሌላ ሰው ሲያሳድግ።

ከነርሷ የምለይበት ይሄ ነው፦ የአባታችንን ሳሎን መርሳት አይቻልም። በግል የተያዘ ሰው በቀላሉ የያዘው ሰው ንብረት ይሆናል። ቆሮንቶስ ላይ «እኔ የጳውሎስ ነኝ፣ እኔ የአጵሎስ ነኝ» የተባለው ከዚያው ነው። በዚያው ደብዳቤ ላይ ጳውሎስ «እኔ ተከልሁ አጵሎስም አጠጣ ነገር ግን እግዚአብሔር ያሳድግ ነበር» ያለውም ለዚህ ነው። ሽማግሌዎች ያስፈልጋሉ። አብሮ መሰብሰብ፣ አብሮ መቁረብ፣ መታረም ያስፈልጋል። ቤት ወይስ አዳራሽ የሚለው ግን እኔን ብዙ አያስጨንቀኝም። ሶርያ ውስጥ ዱራ ዩሮፖስ በተባለ ቦታ በቁፋሮ የተገኘ፣ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የነበረ የክርስቲያኖች መሰብሰቢያ አለ። መጀመሪያ ተራ መኖሪያ ቤት ነበር። ከዚያ በሁለት ክፍል መካከል የነበረውን ግድግዳ አፍርሰው ሰፊ አደረጉት፤ አንዱን ክፍል ማጥመቂያ አደረጉት። ቤት ነው ወይስ አዳራሽ? ሁለቱም ነው። ሰው በዛ፤ ግድግዳው ፈረሰ።

ዋናው ቅደም ተከተሉ ነው። አባታችን የጠቀሱት ሽማግሌ የመሾም ነገር የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 14 ላይ ነው፤ ቁጥር 23። እቤት ገብቼ ከፍ ብዬ ቁጥር 21ን አነበብኩ። ጳውሎስና በርናባስ ደርቤን ላይ ብዙ ሰዎችን ደቀ መዛሙርት ካደረጉ በኋላ ወደ ልስጥራ፣ ወደ ኢቆንዮንና ወደ አንጾኪያ ተመለሱ ይላል። ልስጥራ ማለት ጳውሎስ በድንጋይ ተወግሮ፣ ሞቷል ተብሎ ወደ ውጭ የተጎተተባት ከተማ ናት። የተመለሱትም የደቀ መዛሙርቱን ልብ ሊያጸኑ ነው። ሽማግሌዎቹ የተሾሙት በዚህ መመለስ ላይ ነው። መጀመሪያ ደቀ መዝሙር፣ ከዚያ ዳግም ጉብኝት፣ ከዚያ ሽማግሌ። እኛ ግን የመድረክ አገልጋዮቹን አስቀድመን ሾመን፣ ደቀ መዛሙርቱን ከሕዝቡ ውስጥ ራሳቸው ይወጣሉ ብለን ጠበቅን። እህታችን ስድስት እሑድ የጠፋችብን በዚያ መካከል ነው።

ያን ቀን ከመለያየታችን በፊት አባታችን ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተስ ማን አለህ?» አሉኝ። ማን አለህ ሲሉ ምን ማለታቸው እንደሆነ ገብቶኛል። የመዝሙር ልምምድ አለኝ፣ የእሑድ ፕሮግራም እመራለሁ፣ ጽሑፍ እጽፋለሁ። ሰው ግን አልነበረኝም። እንደዚያው ነገርኳቸው።

ይሄ ከሆነ አራት ወር ሆነው። አሁን አንድ ሰው አለኝ። መሥሪያ ቤት አብረን የምንሠራ ወጣት ነው። ማክሰኞና ሐሙስ በምሳ ሰዓት ሃያ ደቂቃ ማርቆስን እናነባለን። ባለፈው ሳምንት ከእናቱ ጋር ተጣልቶ መጣና ሳናነብ ዋልን። ስለ እናቱ አወራን። ከዚያ ደወለላት፤ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ።

እህታችንም ወጥታለች። ነርሷ በየሳምንቱ ቤቷ ትሄዳለች። የሚገርመኝ ግን ያ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዋን እያየ ነው ሥራ የሚጀምረው።