ኮድ ዓሣን አቆስጣ በላው፤ የጣናን ነጭ ዓሣስ ማን በላው?

በካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ስለ አቆስጣ፣ ፈረንጆቹ «ሲል» ስለሚሉት የባሕር አጥቢ እንስሳ፣ በተጠራ አንድ ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። አንድ አዛውንት ዓሣ አጥማጅ ሆዱ ብቻ የተቦጨቀ፣ ኮድ የተባለ የባሕር ዓሣ ፎቶግራፍ ይዘው ተነሡና፣ «አቆስጣው ጉበቱን በልቶ ሌላውን ይጥለዋል» አሉ። ባለሙያዋ አላጣጣሏቸውም። የአቆስጣን አመጋገብ ለማወቅ ኩሱን አጥበውና አጥልለው የዓሣ የጆሮ አጥንት እንደሚለቅሙ፣ ከአጥንቱም ቅርጽና መጠን የዓሣው ዓይነትና ርዝመት እንደሚታወቅ አስረዱ፤ ጭንቅላቱ ካልተበላ ግን አጥንቱ ኩሱ ውስጥ ስለማይገኝ፣ የተበላው ኮድ ከእውነተኛው ያነሰ ሆኖ ሊቆጠር እንደሚችል ሳያቅማሙ ተናገሩ።

ኮዱን መጀመሪያ የጨረሰው ግን አቆስጣ አልነበረም። ካናዳ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2 ቀን 1992 የሰሜኑን ኮድ ማጥመድ ስትዘጋና 30,000 ያህል ሰው ከሥራው ሲፈናቀል፣ ዋናው ጥፋት ለዓመታት ያለልክ የተዘረጋው መረብ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥቂት ሺህ ብቻ የነበረው ግራጫው አቆስጣ ከዚያ ወዲህ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሆኗል፤ በደቡባዊው የሴንት ሎረንስ ባሕረ ሰላጤም የተመናመነው ኮድ እንዳያገግም የያዘው በዋናነት እርሱ እንደሆነ የመንግሥት ተመራማሪዎች ይናገራሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 አንድ የካናዳ ሴኔት ኮሚቴ 70,000 አቆስጣ እንዲገደል ሐሳብ አቀረበ፤ በዚያ መጠን ግን አልተፈጸመም። ዓሣው አንዴ ካለቀ በኋላ መፍትሔው ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ አላውቅም።

እኔን የሚያንገበግበኝ የጣና ጉዳይ ነው። ጣና ላይ የሚከሰስ አቆስጣ የለም። ከሌላ ሐይቅ የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች፣ ብዙዎቹ በክረምቱና ክረምቱ እንደወጣ ሊራቡ ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች ሲወጡ፣ ወንዙ አፍ ላይ የሚጠብቃቸው የሰው መረብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ክምችታቸው እጅግ ማሽቆልቆሉን ተመራማሪዎች ለክተው ጽፈዋል፤ የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995ም ከወጣ ቆይቷል። እንቁላል ያዘለች ዓሣ በመራቢያዋ ወራት ስትያዝ እያየ ዝም የሚል ኃላፊ፣ ጥናት አጣሁ ወይም ሕግ የለኝም ሊል አይችልም። በእነዚያ ወራት የወንዞቹ አፍ ከመረብ ነጻ ይሁን፤ ለአጥማጁም እስከዚያው የሚተዳደርበት ይዘጋጅለት።