እጃችሁ ይባረክ፣ ፎቶ አጣቢዎቻችን

ምስጋና ቢስ ሆነናል። ፎቶ ላነሳ ሁሉ እናጨበጭባለን። ከፎቶው ላይ ስም ለሚፍቀው ግን አንድ ቀን እንኳ «ተባረክ» ብለን አናውቅም። ዛሬ ይህን ዕዳ ልክፈል።

ለመሆኑ ፎቶ አንሺ ምን ይሠራል? ለጥምቀት ጎንደር፣ አፄ ፋሲል መዋኛ ይወርዳል። በሌሊት ተነስቶ ቦታ ይይዛል፣ በብርድ ይንቀጠቀጣል። ውሃው ተባርኮ ወጣቶቹ ሲዘሉ ቀጭ ያደርጋል። በቃ። ከዚያ ጥግ ላይ ስሙን ይጽፋል። ስስቱን እዩልኝ! በዓሉ የሕዝብ፣ ውሃው የሕዝብ፤ እሱ ማን ሆኖ ነው?

ደግነቱ ስሙን የሚያጥቡልን የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ባለቤቶች አሉልን። ድሮ ይህ ሙያ ልፋት ነበረው። በፎቶሾፕ ክሎን ስታምፕ ከጎን ያለውን ቀለም እየቀዱ በስሙ ላይ ማተም ዓይን ያፈዛል። በፈረንጆቹ 2010 ሲኤስ 5 የተባለው የፎቶሾፕ እትም «ኮንተንት አዌር ፊል» የሚሉትን ይዞ መጣና ተገላገልን። ስሙን ከበብ ታደርገዋለህ፤ ፕሮግራሙ ዙሪያውን አይቶ ከሥሩ ምን እንደነበር ይገምታል። ይገምታል ነው ያልኩት። ዛሬማ በስልክ፣ በጣት፣ ታክሲ ውስጥ ሆነህ ረዳቱ መልስ እስኪሰጥህ ያልቃል።

በቅርቡ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስሙ የነበረው የዘላዩ ክንድ ላይ ነው። ከታጠበ በኋላ ክንዱ ከክርኑ በታች የውሃ ፍንጣቂ ሆኗል። ከኋላ ያለው ጃንጥላ አንዷን ዘርፍ ሦስት ቦታ ደግሟታል። ጥግ ላይ «ግራፊ» የምትል ጭራ ተርፋለች። አስተያየት መስጫው ግን «ዋው»፣ «ዋው» ነው።

የታጠበው ቦታ መቼም ባዶ አይቀርም። የገጹ ሎጎ፣ ከተፋቀው ስም አምስት እጥፍ ገዝፎ፣ መሃል ላይ ጉብ ይላል። ከሥሩ «ያለ ፈቃድ መጠቀም ክልክል ነው»። ከዚያ ሥር ደግሞ «ፎቶ፦ ከማኅበራዊ ሚዲያ»። ይሄ ማኅበራዊ ሚዲያ የሚሉት ሰውዬ ግን እንዴት ያለ ጎበዝ ነው! ጠዋት ዳሎል፣ ቀትር ላይ ላሊበላ፣ ማታ ሰሜን ተራሮች ላይ ዋልያ ሲያሳድድ ነው። እግሩን አያመውም?

አንዳንድ ነገረኞች ሕግ ይጠቅሳሉ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፎቶ በስብስብ ወይም በመጽሐፍ ካልወጣ በቀር ጥበቃ የሚያገኘው የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ሲኖርበት ነው ይል ነበር። አጣቢዎቻችን ይህን ያነበቡ አይመስለኝም፤ በተፈጥሮ ነው የገባቸው። በ1996 የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደግሞ ፎቶን ከተነሳበት ጊዜ አንስቶ ለ25 ዓመት ይጠብቃል። 25 ዓመት! የኛ ሰዎች በ25 ሰከንድ ይጨርሱታል።

ሙያው ፈተና የለውም ማለቴ አይደለም። ያንኑ የጥምቀት ፎቶ ሌላ ገጽ ወስዶ ሎጎውን ቆርጦ ለጠፈው። የመጀመሪያው ገጽ አበደ። «ልፋታችንን የሚሰርቁ ሌቦች!» ብሎ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፈ፤ ተከታዮቹም አብረውት ተቆጡ። በዚህ መሃል ፎቶ አንሺው ብቅ አለና «ይቅርታ፣ ፎቶው የኔ ነው» አለ።

ወዲያው መለሱለት፦ «ወንድም፣ ያንተ ከሆነ ታዲያ ስምህ የታለ?»