ከላይ ያሉት

ኮንዶሚኒየም ሲሰጡን ጣሪያው ባዶ ኮንክሪት ነበር። ጂብሰም ያሠራንለት እኛው ነን። መብራቱ ዙሪያውን ሲበራ ያምራል፤ ከላይ ያሉት ሰዎች ቧንቧ ከፍተው እስኪተኙ ድረስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውኃ በፈረቃ ናት። ማታ ይከፍቷታል፣ የለችም፤ ረስተው ይተኛሉ። ሌሊት ትመጣለች። ጠዋት ኮርኒሳችን ላይ ቡናማ ክብ ይታያል። "ይደርቃል" እንባባላለን። በሚቀጥለው ፈረቃ ክቡ ይሰፋል፣ ቀጥሎ ያብጣል።

ወጥቶ መናገር ነው እንግዲህ። ግን ምን ተብሎ? እማማ እኮ ለልጃችን ክርስትና ትልቁን ድስት ያበደሩን ሰው ናቸው። በሩን ስናንኳኳ "ግቡ፣ ግቡ፣ ቡና ደርሷል" ይላሉ። የሰው ቡና እየጠጡ ስለ ሽንት ቤት ቧንቧ ማንሣት ደግሞ ነውር ነው። በረካ ጠጥተን፣ መርቀውን እንወርዳለን።

ስለዚህ ባለሙያ እንጠራለን። መጀመሪያ በርካሹ መንገድ፦ ውኃ ቀለም። አይሆንም፤ እድፉ ውኃ ሲነካው ይሟሟና ቀለሙን አልፎ ብቅ ይላል። አስቀድሞ ዘይት ቀለም መቀባት አለበት። ያበጠውን ግን ቀለም አያድነውም። ጂብሰም ሁለቱም ፊቱ ወረቀት ነው፤ ርሶ ከቆየ ይሻግታል። ተቆርጦ ይወጣል፣ ውስጡ በደንብ ይደርቃል፣ አዲሱ በብሎን ፍሬሙ ላይ ይታሰራል፣ መጋጠሚያው በቴፕና በስቱኮ ይደፈናል፣ ስቱኮው ሲደርቅ ይፈገፈጋል። የዚያን ቀን አቧራው የበርበሬው ዕቃ ውስጥ ሳይቀር ይገባል።

ቀዳዳው ሳህን ያክላል። ሱቁ የሚሸጠው ግን 1.20 ሜትር በ2.40 ሙሉውን ነው። የተረፈው አልጋ ሥር ይገባል፣ "ለሚቀጥለው ይሆናል" ተብሎ። የሚቀጥል መኖሩን ባለሙያውም ያውቃል፤ ሲወጣ "ስልኬን ያዙት" ይላል።

በቀደም ድስታቸውን ሊወስዱ እማማ ወረዱ። አንጋጠው አዩና ደረታቸውን መቱ።

"ውይ! እናንተም ቤት? የእኛም እኮ እንዲሁ ሆኗል! ምነው፣ ከላያችን ያሉት ሰዎች ግን አያፍሩም?"

"አያፍሩም፣ እማማ" አልናቸው።

"ነግራችኋቸው ታውቃላችሁ?"

"ኧረ እርስዎስ?"

"እኔማ እንዴት ብዬ!" አሉ። "ሰዎቹ እኮ ጥሩ ሰዎች ናቸው።"

ቡና አፈላንላቸው።