እርማት፦ ቻትጂፒቲን ደራሲ አድርጎ መመዝገብ በቂ አይደለም

«ቻትጂፒቲን የተጠቀመ ተመራማሪ የመሣሪያውን ስም ከደራሲዎቹ ተርታ ካሰፈረ ግልጽነቱን አሟልቷል» ማለት በብዙዎች ዘንድ የተለመደ ቢሆንም ስሕተት ነው። ዓለም አቀፉ የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ባሻሻለው መመሪያ፣ እንደ ቻትጂፒቲ ያለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለሥራው ትክክለኛነት ኃላፊነት መውሰድ ስለማይችል በደራሲነት መመዝገብ እንደሌለበት ደንግጓል፤ ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በዚያው ዓመት ጥር ላይ ተመሳሳይ አቋም ይዟል።

ኮሚቴው እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ዳግም ባሻሻለው መመሪያ መሠረት መሣሪያው በጽሑፍ ሥራ ካገዘ በምስጋናው ክፍል፣ መረጃ ለመሰብሰብ፣ ለመተንተን ወይም ሥዕላዊ መግለጫ ለመሥራት ካገለገለ ደግሞ በጥናቱ ዘዴ ክፍል ይገለጻል፤ ለመጽሔቱ በሚላከው ደብዳቤም ይጠቀሳል። አንባቢ መሣሪያው ፈጥሮ በዋቢነት የጠቀሰው ጥናት ፈጽሞ የሌለ ሆኖ ሲያገኘው የሚጠይቀው ሰው ሊኖር ስለሚገባ፣ በደራሲነት በመመዝገብና አጠቃቀሙን በመግለጽ መካከል ያለውን ልዩነት አጥብቄ እይዘዋለሁ። «የመግቢያውን ቋንቋ ለማቃናት ቻትጂፒቲን ተጠቅመናል፤ ይዘቱን መርምረን ኃላፊነቱን የምንወስደው እኛ ነን» የሚል ግልጽ ቃል ከደራሲነት ምዝገባው ይልቅ ለአንባቢው ይጠቅመዋል።