የ15 ደቂቃ ከተማ በማን እግር?

"ባሕር ዳር የ15 ደቂቃ ከተማ ናት።"

ይህን ያሉት አንድ የከተማ ልማት ኃላፊ ናቸው። ሰሞኑን ስለ ስማርት ሲቲ፣ ማለትም በቴክኖሎጂ ስለሚታገዝ ከተማ፣ በተካሄደ ውይይት ላይ ነው። ከኋላቸው ትልቅ ካርታ በርቷል። በሆስፒታሉ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በገበያው ዙሪያ አረንጓዴ ክብ ተሥሏል። ክቦቹ ተደራርበው ከተማዋን ከዳር እስከ ዳር ሸፍነዋታል። ማንኛውም ነዋሪ የሚፈልገው አገልግሎት ዘንድ በ15 ደቂቃ ይደርሳል፤ የቀረን ነገሩን በስልክ መተግበሪያ ማቀላጠፍ ብቻ ነው አሉ። ተጨበጨበ።

አንድ ወጣት እጁን አወጣና 15 ደቂቃው በምን እንደተለካ ጠየቀ። "በመኪና" ተባለ። "አብዛኛው ሰው እኮ መኪና የለውም" ሲል ደግሞ "ባጃጅ አለ አይደል? ያው መኪና ነው" የሚል መልስ አገኘ። ውይይቱም ወደ ሌላ ርዕስ አለፈ።

እኔ ግን ማለፍ አልቻልኩም። "ያው መኪና ነው" የምትለዋ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። የ15 ደቂቃ ከተማ የሚለው ሐሳብ የካርሎስ ሞሬኖ ነው። ፓሪስ የሚያስተምር ምሁር ሲሆን ሐሳቡን ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። በ2020 ደግሞ በጊዜው የፓሪስ ከንቲባ የነበሩት አን ኢዳልጎ በምርጫ ዘመቻቸው ይዘውት ወጡና ዓለም ሁሉ አወቀው። ሐሳቡ እጅግ ቀላል ነው። ሰው ለኑሮው የሚያስፈልገውን ነገር ከቤቱ ወጥቶ በእግር ወይም በብስክሌት በ15 ደቂቃ ውስጥ ያግኝ ነው የሚለው። በእግር ወይም በብስክሌት! ሐሳቡ የተወለደው ሰውን ከመኪና ጥገኝነት ለማላቀቅ ነው። በመኪና ለክቶ የ15 ደቂቃ ከተማ አለኝ ማለት ስሙን ወስዶ ነገሩን መጣል ነው። በመኪና ከተለካማ በጎጃም ምድር የ15 ደቂቃ ከተማ ያልሆነ ከተማ የለም። ቡሬም ነው፣ ሞጣም ነው፣ ዳንግላም ነው።

አሁን ወደ ባጃጁ ልምጣ።

የምኖረው ዓባይ ማዶ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎረቤቴን እትዬን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። እትዬ ስኳርና ግፊት አለባቸው። ጉልበታቸውንም ያማቸዋል። ቀጠሮ ነበራቸው። ካርድ ክፍሉ ሰልፍ ሳይረዝም እንድረስ ብለን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ15 ተነሣን። ሌሊቱን ሲዘንብ አድሯል። ኮብልስቶኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ጭቃው ጫማ ይይዛል። እትዬ በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው የቀሚሳቸውን ጫፍ ይዘው፣ ድንጋይ እየመረጡ ተራመዱ። አስፋልቱ ጋ ስንደርስ ሰዓቴን አየሁ። 22 ደቂቃ ሄዷል። እኔ ብቻዬን በዘጠኝ ደቂቃ የምወጣው መንገድ ነው።

ከዚያ ቆምን። ባጃጅ ይመጣል፣ ሞልቷል። ይመጣል፣ ተማሪ ጭኗል። አንዱ ቆመና "እማማ፣ ኮንትራት ነው፣ ትሄጃለሽ?" አለ። ኮንትራት ማለት የሦስት ሰው ሂሳብ ብቻህን መክፈል ነው። "አይ ልጄ" አሉት እትዬ፣ "የመድኃኒቱን ብር ላንተ ሰጥቼ ምን ይዤ ልሂድ?" እኔ ልክፈል ብል አሻፈረኝ አሉ። ሲመለሱስ ማን ይከፍልላቸዋል? በወሩ ሲቀጠሩስ? 28 ደቂቃ ቆመን ሁለት ቦታ ያለው ባጃጅ አገኘን። 12 ደቂቃ ወሰደንና መሐል ላይ አወረደን፤ መስመሩ እዚያ ያልቃል። ሁለተኛውን ለማግኘት ሌላ 23 ደቂቃ። ጉዞው 9 ደቂቃ። ከበሩ እስከ ካርድ ክፍሉ በእትዬ እርምጃ 6 ደቂቃ።

ደምሩት። 100 ደቂቃ ነው። ከዚያ ውስጥ በተሽከርካሪ ላይ የተቀመጥነው 21 ደቂቃ ብቻ ነው። ያ አረንጓዴ ካርታ ሊያይ የሚችለውም ይህችኑ ክፍል ብቻ ነው። ሰባ ዘጠኙን ደቂቃ አያውቀውም። ጭቃውን፣ ቆሞ መጠበቁን፣ "ሞልቷል" መባሉን፣ የኮንትራቱን ሂሳብ አያውቅም። የእትዬ ቤት ደግሞ በካርታው ላይ አረንጓዴ ክብ ውስጥ ነው። ቦታውን ፈልጌ አይቼዋለሁ።

መኪና ማለት ስትፈልግ የሚነሣ ነገር ነው። ባጃጅ ሲሞላ የሚነሣ ነገር ነው። ይህን ልዩነት ያላየ ሰው የከተማ ትራንስፖርትን ያቅዳል መባሉ ያስቆጣኛል።

ነገሩ የእኔ የግል ብሶት ብቻ እንዳይመስል ትንሽ ወደ ሳይንሱ ልግባ። የመልክዓ ምድር ተመራማሪዎች ይህን ጥያቄ ሲያላምጡት ከ60 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1959 ዋልተር ሃንሰን የተባለ አሜሪካዊ ተደራሽነትን ከመንገድ ርዝመት ነጥሎ አስቀመጠ። ቁም ነገሩ መንገዱ መኖሩ ሳይሆን ሰው ካለበት ተነሥቶ ሊያገኘው የሚችለው ዕድል መጠን ነው አለ። በ1970 ደግሞ ስዊድናዊው ቶርስተን ሄገርስትራንድ መጣና የሙያ ባልደረቦቹን ገሠጸ። ካርታችሁ ላይ ሰው የለም አላቸው። ሰው በአንድ ጊዜ ሁለት ቦታ ሊሆን አይችልም። ቀኑም 24 ሰዓት ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው የት መድረስ እንደሚችል ለማወቅ በሦስት ነገር መያዙን እይ አለ።

አንደኛው የራሱ አቅም ነው። ጉልበቱ፣ ኪሱ፣ ጤናው። የእትዬ 22 ደቂቃና የእኔ ዘጠኝ ደቂቃ እዚህ ላይ ይለያያሉ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ያን ኮብልስቶን ጭራሽ አይወጣውም። ለእሱ ሆስፒታሉ በ15 ደቂቃም በ100 ደቂቃም አይገኝም።

ሁለተኛው መገጣጠም ነው። አንተ ብትደርስ ካርድ ሰጪው ካልተቀመጠ፣ ሐኪሙ ከወጣ፣ ባጃጁ ሦስተኛ ሰው ካላገኘ ዋጋ የለውም። አንዲት እናት ጠዋት ልጅ ትምህርት ቤት አድርሳ፣ እህሉን ወፍጮ ቤት አስቀምጣ፣ ገበያ ደርሳ፣ ልጁ ከመውጣቱ በፊት መመለስ አለባት። ካርታው ላይ ያለው ጉዞ ከቤት ወደ አንድ ቦታ ቀጥ ያለ መስመር ነው። የእሷ ጉዞ አራት ቦታ ይቋጠራል። በአንዱ ላይ ባጃጅ ከጠፋ ቀኑ ተበላሸ። ከተማን በአባወራ መኪና ስትለካው ይህች ሴት ከሒሳቡ ትወጣለች። ከተማዋን ቀን ቀን የሚያንቀሳቅሷት ግን እሷና መሰሎቿ ናቸው።

ሦስተኛው የሥልጣን ገደብ ነው። አድርግ፣ አታድርግ የሚል አካል የሚያወጣው ገደብ። ይህን ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም። ባለፉት ዓመታት ሰዓት እላፊ ስንት ጊዜ አየን? ባጃጅ እንዳይንቀሳቀስ ስንት ጊዜ ታገደ? መንገድ ተዘግቶ ስንት ቀን ቤታችን ተቀመጥን? ምጥ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ለያዛት ሴት ከተማዋ የስንት ደቂቃ ከተማ ናት? ቀን 6 ሰዓት ላይ አረንጓዴ የነበረው ክብ ማታ 2 ሰዓት ላይ ምን ዓይነት ቀለም ይኖረዋል? አንድ ካርታ ብቻ ማሳየት ያልተገባው ለዚህ ነው። የጠዋቱ፣ የቀኑና የማታው ካርታ ለየብቻ ይሠራ። የክረምቱና የበጋው እንደዚሁ። የባለመኪናው፣ የእግረኛውና ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካርታም ለየብቻው ይሠራ። ያን ጊዜ ጎን ለጎን አስቀምጠን ማን ይደርሳል፣ ማን ይቀራል ብለን እንነጋገራለን። የትራንስፖርት ፍትሕ የሚባለው ጥያቄም ይኸው ነው። አማካዩ ስንት ነው ብሎ መመለስ አይበቃም። የአምስት ደቂቃውንና የ100 ደቂቃውን ሰው ቀላቅሎ የሚወጣ አማካይ የሚያስታምመው ሪፖርቱን እንጂ ታማሚውን አይደለም።

የተወለድኩት ደብረ ማርቆስ ነው። ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች፣ ዳገትና ቁልቁለት የማያጣት ከተማ ናት። ባሕር ዳር ያደረገችውን ነገ እሷም፣ ፍኖተ ሰላምም፣ እንጅባራም መድገማቸው አይቀርም። ካርታ ላይ በኮምፓስ ክብ የማሠመር ልማድ ወደዚያ ከሄደ ደግሞ ዳገቱም ሜዳ ተብሎ ይቆጠራል። ለዚህም ነው ነገሩን አሁኑኑ መያዝ ያለብን።

በጎው ነገር አልተካደም። አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው። የእግረኛና የብስክሌት መንገድም ተሠርቶለታል። በግንቦት 2016 ከመመረቁ በፊት በአሮጌው ጠባብ ድልድይ ላይ የነበረውን መጨናነቅ ያየ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። እኔም በየቀኑ ነው የምሻገርበት። ባሕር ዳር ሜዳ ናት፤ ሰዉም ብስክሌት ይወዳል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው። ግን ድልድዩን ወርደህ ወደ ሰፈር ስትታጠፍ የብስክሌቱ መንገድ የት ይደርሳል? እትዬን የያዛቸው ድልድዩ አይደለም። ወደ ድልድዩ የሚያወጣው መንገድና ከዚያ በኋላ ያለው ቆሞ መጠበቅ ነው።

መተግበሪያውንስ? በሐምሌ 2015 መጨረሻ ክልሉ ውስጥ የተቋረጠው የሞባይል ዳታ ለወራት አልተመለሰም። ያን ጊዜ ባንኩም፣ ንግዱም፣ ተማሪውም ምን እንደሆነ ሁላችንም እናስታውሳለን። እንዲህ ያለ ነገር በደረሰበት ከተማ የትራንስፖርቱን ተስፋ በሙሉ ስልክ ላይ መጣል ላም አለኝ በሰማይ ነው። ደግሞ እትዬ የያዟት ስልክ ባለ ቁልፍ ናት። ባትሪዋ ሦስት ቀን ትቆያለች፤ መተግበሪያ ግን አትጭንም።

ቴክኖሎጂ ጠላቴ አይደለም። ናይሮቢን እዩ። እዚያም ማታቱ የሚባሉት ሚኒባሶች መስመራቸው የትም አልተጻፈም ነበር። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከውጭ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው፣ ስልካቸውን ይዘው በማታቱ እየተሳፈሩ ከ130 በላይ መስመር መዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2014 ካርታው ወጣ። በወረቀትም ታተመ፤ መረጃውም ለሁሉም ክፍት ሆነ። ሥራው የተጀመረው ታክሲ ውስጥ ገብቶ ከመቀመጥ ነው።

እኛም ይህን ማድረግ እንችላለን። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው። ተማሪዎቹ ራሳቸው በየቀኑ በባጃጅ ይመላለሳሉ። ሠላሳ አርባ ተማሪ ለሁለት ሳምንት ሰዓት ይዞ ይሳፈር። የት ስንት ደቂቃ እንደቆመ፣ ስንት ባጃጅ ሞልቶ እንዳለፈው፣ መስመር የት ላይ እንደተቆረጠበት፣ ስንት እንደከፈለ ይጻፍ። ጠዋትም፣ ማታም። ከሽምብጥም፣ ከዘንዘልማም፣ ከዓባይ ማዶም። ባጃጅ ነጂዎቹም ይጠየቁ። ለነዳጅ ተሰልፎ ያደረ ልጅ ለምን ረጅሙን መስመር እንደሚቆርጥ እነሱ ይነግሩናል። እኔ በእነሱ አልፈርድም፤ ሒሳቡ አላዋጣ ብሏቸው ነው። ረጅሙን መስመር ይዞ ለሚሠራ ባጃጅ ነዳጅ በቅድሚያ ይሰጥ ብዬ ግን እከራከራለሁ። ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት ድረስ ወደ ሆስፒታሎቹ በቀጥታ የሚሄድ፣ ሰው ሞላ አልሞላ በሰዓቱ የሚነሣ አውቶቡስ ይመደብ ብዬም እከራከራለሁ። ሁለት አውቶቡስ ይበቃል ለመጀመር። ፌርማታው ላይ አግዳሚ ወንበርና የዝናብ መጠለያ ይኑር። ይህ ሁሉ ከመተግበሪያው በፊት የሚመጣ ነው።

ኃላፊው ያንን ካርታ ወደ ሌሎች የጎጃም ከተሞችም እንደ ተሞክሮ እንደሚልኩት ሲናገሩ ሰምቻለሁ። እባክዎ አይላኩት። መጀመሪያ ያ ወጣት የጠየቀው ጥያቄ ተገቢውን መልስ ያግኝ።

እትዬ የሚቀጥለው ቀጠሯቸው ጥር ላይ ነው። ያን ጊዜ ዝናብ የለም፤ ጭቃውም ይደርቃል። እሳቸው ግን ከወዲሁ ወስነዋል። ከዋዜማው ሄደው ሆስፒታሉ አጠገብ ካለች የእህታቸው ልጅ ቤት ሊያድሩ ነው።