ኩላሊቱን ማን ይውሰድ?

ቅዳሜ አሞራ ገደል አሳ እየበላን ነው ነገሩ የተነሳው። የአንዱ ጓደኛችን አጎት አሜሪካ ናቸው፤ በሳምንት ሦስቴ የኩላሊት እጥበት ያደርጋሉ፣ የንቅለ ተከላ ወረፋ ይጠብቃሉ። «ጉበትም ኩላሊትም የሚፈልግ በሽተኛ ከመጣ ሁለቱንም ይዞ ይሄዳል፤ ኩላሊት ብቻ የሚጠብቀው ቆሞ ያያል» አለን። እዚያ ወረፋ ላይ ካለው ከ100 ሺህ በላይ ሰው አብዛኛው የሚጠብቀው ኩላሊት ነው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም» አለች አንዷ። ከዚያ በኋላ ተረቱ ከአፋችን አልወረደም።

ዩቲዩብ ያስመረቀው ወዳጃችን ግን አልተዋጠለትም። «የባሰበት ይቅደም! ጉበት የሌለው ይሞታል፣ ኩላሊት የሌለው ማሽን አለው» አለ፣ ሎሚውን ጭምቅ እያደረገ። እሺ፣ ማሽን አለው። ማሽን ላይ ያለ ሰው አይሞትም እንዴ? ይህን ስንጠይቀው ሁለተኛ አሳ አዘዘ። «ሁለት ዛፍ!» አልነው ሁላችንም።

ደግሞ መላ የጠፋለት ነገር አይደለም። አሜሪካኖቹ ራሳቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ደንብ አወጡ። የጉበት በሽተኛው ኩላሊት በእርግጥ መድከሙ በመስፈርት ካልታየ ከጉበቱ ጋር ኩላሊት አይደረብለትም። ጉበቱን ይወስዳል፤ አንዳንዴ ጉበቱ ሲስተካከል ኩላሊቱም ይነቃል። ከ60 ቀን በኋላ፣ ዓመት ሳይሞላው፣ ኩላሊቱ አልነቃ ካለ በኩላሊት ወረፋ ቅድሚያ ያገኛል። በ2023 ለልብና ለሳንባ በሽተኞችም ይኸው መጣ። እኔ በዚህ እስማማለሁ፤ እንዲያውም ይጥበቅ ባይ ነኝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ እኮ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ ያውም ታች የቆመ ሰው እያለ።

«እኛ ምን አገባን?» አለ ወዳጃችን ሲያቅተው። እውነት ነው፣ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2015 እ.ኤ.አ. የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሲጀምር ሰጪው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። ወንድምህን ለምነህ ነው እንጂ ተሰልፈህ አይደለም። ወረፋ ግን መቼ አጣን? የነዳጁ፣ የፓስፖርቱ፣ የቤቱ። ሁለቱም ዛፍ ላይ የሚገኘው ሁሌ ያው «ሰው አለኝ» ባዩ ነው። እኔ ሰፈር አንድ ኮንዶሚኒየም በራሱ ስም፣ አንድ በሚስቱ እህት ስም ይዞ፣ ሁለቱንም አከራይቶ፣ ባገኘው ቁጥር ኪራይ የሚጨምር ሰውዬ አለ። ለምን ብትሉት እሱም የባሰበት ነው፤ ኑሮ ተወደደበት።