ክርክር፦ ለአክቲቭ ባስ ጊታር ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ወይስ የሚጣለው ድንጋይ?

ጎንደር ውስጥ ሰርግና ሆቴል የሚሠራ አንድ ባሲስት እና ለባንዶች ሳውንድ የሚሠሩ አንድ ጋሼ በዘጠኝ ቮልት ባትሪ ጉዳይ ሳይስማሙ ከረሙ። ባሲስቱ ቻርጅ የሚደረገው ይሻላል ይላል፣ ጋሼ ደግሞ አዲስ አልካላይን፣ ማለትም ደህናው የሚጣል ድንጋይ፣ ካልሆነ አይሆንም ባይ ናቸው። የተጻጻፉት ይኸው።

ባሲስቱ፦ እሺ ጋሼ ልጀምር። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፣ ፓሲቭ ባስ ባትሪ አይፈልግም፣ አክቲቩ ግን ውስጡ ፕሪአምፕ አለው፣ ቤዙንና ትሬብሉን ከጊታሩ ላይ ከፍ ዝቅ የምናደርገው በሱ ነው፣ እና ወደ ፓሲቭ የሚመልስ ስዊች ከሌለው ባትሪው ሲሞት ድምፁም አብሮ ይሞታል። አዲስ ነገር አይደለም፣ ሚውዚክ ማን ስቲንግሬይ የሚባለው ባስ በ1976 እ.ኤ.አ. ከወጣ ጀምሮ ዘጠኝ ቮልት ባስ ውስጥ አለ። የኛ ችግር ባትሪው ራሱ ነው። ሱቅ ገብተህ ዘጠኝ ቮልት ድንጋይ ስጠኝ ስትል ብዙ ጊዜ የሚሰጥህ ርካሹ ካርቦን ዚንክ ነው፣ መደርደሪያ ላይ ስንት ጊዜ እንደተቀመጠ ማንም አያውቅም፣ ሲያልቅ ደግሞ ፈሳሽ ያወጣና መቀመጫውንም ሽቦውንም ይበላዋል። ደህና አልካላይን ሲገኝ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ግን አንዴ ከተገዛ በደንብ ከያዙት መቶዎች ጊዜ ይሞላል። እኔ ሂሳቡ ግልጽ ነው የምለው ለዚህ ነው።

ሳውንድ ማኑ፦ ልጄ ስለ ካርቦን ዚንኩ ያልከው እውነት ነው፣ እሱን ማንም ባስ ውስጥ እንዳይከት፣ በሱ ክርክር የለኝም። ግን አንተ መጥፎውን ድንጋይ አቅርበህ ጥሩውን ድንጋይ ልታሸንፍ ነው የፈለግከው። ውድድሩ ከአልካላይን ጋር ይሁን። አልካላይን ዘጠኝ ቮልት፣ ባስ የሚወስዳት ኃይል ትንሽ ስለሆነች፣ 500 ሚሊ አምፔር አወር (ባትሪ የሚይዘው የሚለካበት ነው) አካባቢ ይሰጥሃል። ያንተ ኒኬል ስንት ይዛለች? 200፣ ቢበዛ 300። ስሟ ዘጠኝ ይሁን እንጂ ጀርባዋን ስታነበው 8.4 ይላል፣ አንዳንዷማ 7.2 ናት፣ ስድስት ሴል፣ ማለትም ውስጧ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች፣ ብቻ የገባባት። እኔ ሚክሰሩ ጋ ቆሜ የምሰማውን ልንገርህ፣ ችክችካ ሲመጣ ባሲስቱ ወፍራሟን ክር በኃይል ነው የሚመታት፣ ቮልቱ ሲያንስ መጀመሪያ የሚቆረጠው ያ ምት ነው፣ ድምፁ ይሻክራል፣ ሕዝቡ ስፒከሩ ተበላሸ ብሎ እኔን ነው የሚያየኝ።

ባሲስቱ፦ ጋሼ ቮልቱን በደንብ እንየው። 7.2 የምትለውን አትግዙ ነው የምለው እኔም፣ ሰባት ሴል ያላትን እንውሰድ። ከ9 ወደ 8.4 ሲወረድ የሚጎድለው አንድ ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያው) እንኳን አይሞላም፣ ግማሽ ምናምን ነው፣ ያንን እርስዎ ሚክሰሩ ላይ ጌይን ነክተው ጨርሰውታል። ደግሞ አልካላይንም እኮ 9 ላይ አይቆይም! አዲስ ሲሆን ከ9 በላይ ነው፣ ከዚያ እየተጫወትን እየተጫወትን ቀስ እያለ 8.5፣ 8፣ 7.5 እያለ ይወርዳል፣ ስለዚህ ግማሹን ዕድሜ የሚያሳልፈው እርስዎ ኒኬሏን በሚነቅፉበት ቮልት ላይ ነው። ኒኬል በተቃራኒው ከቻርጀር ስትወጣ ከ9 በላይ ሆና 8.4 አካባቢ ትረጋና እስከ መጨረሻው እዚያው ናት። አቅሟ ቢያንስም ያላትን በሙሉ ትሰጣለች። ብዙ ፕሪአምፕ አንድ ሚሊ አምፔር አካባቢ ወይ ከዚያ በታች ነው የሚወስደው፣ 200 የያዘች ባትሪ በአንድ ሚሊ አምፔር 200 ሰዓት ማለት ነው፣ አንድ ሰርግ 6 ሰዓት ቢፈጅ ከ30 ሰርግ በላይ። ጥርን በሙሉ ያስኬዳል እኮ ይሄ!

ሳውንድ ማኑ፦ ወረቀት ላይ ያስኬዳል። ኒኬል ግን ባትነካትም ራሷን ትበላለች፣ የድሮዋ ዓይነት በወር ሩብ ያህሉን ታጣለች። የኛን ዓመት ደግሞ አንተም ታውቀዋለህ፣ በጥር ሰርግ ነው፣ ከዚያ ዓቢይ ጾም ይገባል፣ 55 ቀን ሰርግ የለ ምን የለ፣ ባሱ ቦርሳው ውስጥ ይተኛል፣ ከፋሲካ በኋላ በዳግማይ ትንሣኤ ሰርጉ ሲግተለተል ያን ቀን ያቺ ባትሪ ምን ይዛ ነው የምትጠብቅህ? አልካላይን ዓመታት ተቀምጦም ይነሳል።

ሌላው ጃኩ ነው፣ ይሄን ብዙ ባሲስት ያቃልለዋል። አክቲቭ ባስ ላይ ማብሪያው የኬብሉ ጃክ ነው፣ ኬብል ስትሰካ ባትሪው ይበራል፣ ስትነቅል ይጠፋል። ልምምድ ጨርሶ ኬብሉን ሳይነቅል ባሱን ስታንድ ላይ አቁሞ የሚሄድ ሰው ሞልቷል፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ ባትሪው ባዶ። አልካላይን ከሆነ አንድ ድንጋይ ከሰረ፣ አለቀ። ኒኬል ከሆነ ግን ሰባቱ ሴሎች በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ ደካማዋ ቀድማ ባዶ ትሆንና ሌሎቹ በግድ ይገፏታል፣ ፖላሪቲዋ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቯ፣ ይገለበጣል፣ ከዚያ በኋላ ብትሞላትም እንደ ድሮዋ አትሆንም። መቶዎች ጊዜ ያልከው እዚያ ላይ ይቀራል።

አሁን ደግሞ አዲሱ ፋሽን ሊቲየሙ መጣ፣ ዩኤስቢ ቀዳዳ ያለው። ሊቲየም ሴል 3.7 ነው፣ 9 ለመስጠት ውስጡ ቮልት የሚያሳድግ ሰርኪት ይገባበታል። ያ ሰርኪት በጣም በፍጥነት እየበራ እየጠፋ ነው የሚሠራው፣ ብዙ ኃይል ስትስብበት ፍጥነቱ ጆሮ ከሚሰማው በላይ ስለሆነ ችግር የለም፣ ባስ ግን አንድ ሁለት ሚሊ አምፔር ብቻ ነው የሚስበው፣ ይሄኔ ብዙዎቹ ሰርኪቶች ኃይል ለመቆጠብ ይዘሉና ፍጥነታቸው ጆሮ ወደሚሰማው ይወርዳል። ሲይይይ የሚል ቀጭን ድምፅ የምትሰማው ያን ጊዜ ነው። ክሊን ባስ ላይ፣ ቀስ ያለ ትዝታ ላይ፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ቁልጭ ብሎ ይሰማል። እኔ ያንን ኢኩዋላይዘር ላይ ብቆርጠው የባሱንም ጥራት አብሬ ነው የምቆርጠው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ማስጠንቀቂያ የለውም፣ እስከ መጨረሻው 9 ቮልት ያሳይና በአንድ ጊዜ ዝም። አልካላይን ድምፁ እየሻከረ ይነግርሃል፣ ዘፈኑን ትጨርስና ትቀይራለህ።

ባሲስቱ፦ ስለ ሊቲየሙ ልክ ነዎት፣ ያ የሚያሳድግ ሰርኪት ያለበት ባስ ውስጥ ባይገባ እኔም እመርጣለሁ። ግን ሊቲየም ሁሉ እንደዛ አይደለም! ሁለት ሴል በተርታ ብቻ የሆነ አለ፣ ሞልቶ 8.4፣ መሃል ላይ 7.4፣ ምንም የሚያፏጭ ነገር የለበትም፣ አቅሙም 500 እና ከዚያ በላይ የሚል አለ፣ ባዶ ሲሆንም መከላከያው ራሱ ያጠፋዋል፣ ኬብል ስለተረሳ አይሞትም። 7.4 ላይ እንኳ ከ9 የሚያንሰው ሁለት ዴሲቤል አይሞላም። በኃይል የሚመታ ሰው ጊታሩ ላይ ያለውን የቤዝ ቁልፍ ትንሽ ዝቅ አድርጎ አምፑ ላይ ቢጨምር ፕሪአምፑ አይጨናነቅም፣ ይሄ ለአልካላይንም ይሠራል።

የጾሙን ነገር ደግሞ፣ አሁን ያሉት ቻርጅ ይዘው የሚቆዩት ኒኬሎች ዓመት ተቀምጠውም አብዛኛውን ይዘው ይገኛሉ። ብርድ ደግሞ መባከኑን ይቀንሰዋል፣ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2100 ሜትር ላይ ናት፣ መተማ ወርደህ መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተውከው ሌላ ነገር ነው፣ እዚህ ግን አየሩም ያግዘናል። የሰርግ ዋዜማ ደግሞ ሁሉም ሰው ስልኩን ቻርጅ ያደርጋል አይደል፣ ባትሪውንም አብሮ ማድረግ ነው።

ሳውንድ ማኑ፦ ዋዜማ አልክ። ዋዜማውን መብራት ቢጠፋስ? የኒኬል ዘጠኝ ቮልት ቻርጀር ብዙው ቀርፋፋ ነው፣ አሥር ሰዓትና ከዚያም በላይ የሚፈልግ አለ፣ ማታ መብራት ሄዶ ሌሊት ቢመጣ ጠዋት ግማሽ ባትሪ ይዘህ ነው የምትመጣው። እኔ ገንዘቡን አላጣሁትም ልጄ፣ ግን ሙሽራ ስትገባ የሚዘፈነው አንዴ ነው፣ ድገሙልን አይባልም። በዚያች ሰዓት ባሱ ቢጠፋ ሙሉ ባንዱ ነው የሚጎድለው፣ የሙሽራዋ ቤተሰብ ዓመቱን ሙሉ የሚያወራው እሱን ነው። አንድ አልካላይን ከዚያ ጋር ሲተያይ ምንድነው?

ባሲስቱ፦ እሱ ላይ አንለያይም፣ የሰው ሰርግ ቀልድ አይደለም። ግን እርስዎ የሚሉት አልካላይኑ ሁልጊዜ ደህና ሆኖ ሲገኝ ነው፣ እኛ ደግሞ ጥር ውስጥ ሱቅ ለሱቅ ዞረን ያጣንበት ጊዜ አለ፣ ያገኘነውም ቴስተር ሲነካው 8 የማይሞላ ሆኖ። ቻርጅ የሚደረገውን ግን እኔ ራሴ ሞልቼ፣ ራሴ ለክቼ ነው ይዤ የምወጣው፣ የማምነውም ለዚህ ነው። መብራት ቢጠፋ ያ ሁለት ሴል ሊቲየም ከፓወር ባንክ በጥቂት ሰዓት ይሞላል፣ ጊታሩ ውስጥ እያለ ሳይሆን አውጥቶ። የሚጣለው ደግሞ የት ነው የሚጣለው ጋሼ? ጓሮ ነው፣ ቦይ ነው፣ ዝናብ ጠርጎ ወደ ወንዝ ነው የሚወስደው። አንገረብን የምንጠጣው እኛው ነን።

ሳውንድ ማኑ፦ የወንዙን ነገር እቀበልሃለሁ። ሊቲየምህም አንድ ቀን ይጣላል፣ ያኔ የት እንደምትጥለው አንተም አስብበት። የኔ አቋም ግን አልተቀየረም፣ ለልምምድና ለሆቴል ማታ ያንተን አድርግ፣ ለሰርግና ለትልቅ መድረክ አዲስ አልካላይን።

ባሲስቱ፦ እኔ ደግሞ ለሰርግም የኔን ነው የማስገባው፣ ሁለት ሞልቼ፣ አንዱ ባሱ ውስጥ አንዱ ቦርሳ ውስጥ። ሳውንድ ቼክ ላይ ቴስተሩን ይዘው ይምጡ፣ ከ8 በታች ካሳየ እርስዎ የያዙትን አልካላይን እከታለሁ፣ ካላሳየ ግን እንዲሁ እንጫወታለን።